ዋጋ በኢንቦክስ፦ የበርበሬ ሥራዬ ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ከመርካቶ በርበሬ ተራ 20 ኪሎ ዛላ ገዛሁ። ኪሎው 520 ብር። ነጋዴው በበርበሬው የታወቀው የማረቆ ነው ብሎ ማለልኝ። ቤት ስደርስ እማዬ አንዱን ዛላ ሰብራ አሸተተች፣ ቆዳውን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችና «ግማሹ ነው ማረቆ» አለች። ግማሹም ይበቃል ብዬ ተጽናናሁ።

ይህን ደብተር የያዝኩት ወጪና ገቢ ልጽፍበት ነው። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያልተጻፈ ብር አላምንም። ሰባት ዓመት በሠራሁበት ክፍል ውስጥ ከእኔ ኋላ የተቀጠረ ልጅ መስከረም ላይ አለቃዬ ሆነ። የቲክቶክ ገጹን የከፈትኩት የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። ሁለቱን ነገር ያኔ አላገናኘኋቸውም። ደመወዙ አልበቃ ስላለኝ ጎን ለጎን ልሥራ ብዬ ነው ለሰው ሁሉ የነገርኩት፤ እውነትም አይበቃም።

እማዬ ኮልፌ ባለው ግቢዋ ከ20 ዓመት በላይ ለጎረቤት በርበሬና ሽሮ ስታዘጋጅ ኖራለች። ማስታወቂያ የላትም፣ ስልኳም ቁልፍ ያለው ነው። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ እሷ ሙያውን፣ እኔ ቪዲዮውን። ለመጀመሪያ የገዛሁት ግን ዛላ አልነበረም። ሪንግ ላይት የሚሉት የቪዲዮ መብራት 2,400 ብር፣ አንገትጌ ላይ የሚሰካ ማይክ 1,100 ብር።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ቅንጠሳ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሦስት ሆነን ግንዱን ስንነቅል ዋልን። ማታ ላይ ጣቶቼ በእሳት የተያዙ ይመስል ነደዱ፤ በዘይት አሸኋቸው፣ ረስቼ ዓይኔን ነካሁ፣ ሌላውን አልጽፈውም።

የዋልኩት ስቀነጥስ ብቻ አይደለም። እማዬን «ወደ ብርሃኑ ዞር በይ፣ ነጠላሽን ዝቅ አድርጊው፣ እስቲ አንዴ ድገሚው» ስላት ዋልኩ። አምስተኛው «ድገሚው» ላይ እጇን አቆመችና «ልጄ፣ የምትሸጪው በርበሬውን ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ። ሳቅን። ሳቁም ተቀርጿል።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ድለዛው አለቀ። ነጭ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ዝንጅብል 2 ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 4 ኪሎ፣ በሶብላና ጤና አዳም። ከዛላው ጋር ተደልዞ ሁለት ቀን ታፍኖ አደረ፤ አሁን ጓሮ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። ሽታው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ጎረቤት ያለው ሕፃን እያስነጠሰ ነው፤ እናቱ ግን በአጥር ላይ «ለእኔም ሁለት ኪሎ» ብላለች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሷ ናት፤ ያገናኘንም ቲክቶክ አይደለም፣ ነፋስ ነው።

የመጀመሪያው ቪዲዮ 340 ቪው አገኘ። ስልኬ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚቆጥርበት ቦታ አለ፤ ዛሬ 118 ብሏል። ከደብተሩ ግራ ገጽ ላይ ብር፣ ቀኝ ገጽ ላይ ይህን ቁጥር ልጽፍ ወሰንኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሒሳብ ሰው አመል ይሆናል።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ትናንት ተፈጨ። ከ20 ኪሎ ዛላ 21 ኪሎ በርበሬ ወጣ፤ ግንዱ የቀነሰውን ቅመሙና ጨው ሞሉት። ኪሎውን በ850 ሸጥኩት፤ ዛሬ ማታ ሦስት ኪሎ ብቻ ቀርቶኛል፣ እሱም ቃል ተገብቶለታል።

ግራ ገጽ፦ ዛላ 10,400። ሽንኩርቶቹ፣ ዝንጅብሉና ቅጠላ ቅጠሉ 1,700። ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ድምብላል፣ ጨው 1,060። ወፍጮ 400። ከረጢትና ስቲከር 900። ራይድ 700። ድምር 15,160። ሽያጭ 17,850። ትርፍ 2,690 ብር።

የእማዬና የእኔ የዘጠኝ ቀን ጉልበት በዚህ ውስጥ የለም። መብራቱና ማይኩም የሉም፤ እነሱን ባስገባ 810 ብር ከስሬያለሁ። መሥሪያ ቤት አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ ሒሳብ ይዞ ቢመጣ ምን እንደምለው አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ማታ ደስ ብሎኝ ነው የምተኛው፤ 412 ተከታይ ስላለኝ።

ህዳር 4፣ ረቡዕ

ሆነ!

እማዬ ብረት ምጣድ ላይ ድልዙን ስታምስ የቀረጽኩት የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። እኔ ከካሜራው ጀርባ «ደረሰ እንዴ?» እላለሁ፤ እሷ ቀና ሳትል «አትቸኩዪ፣ እሱ ራሱ ይናገራል» ትላለች። በቃ ይኸው ነው። ትናንት ማታ ለቅቄው ተኛሁ፤ ጠዋት 60,000፣ ምሳ ሰዓት 130,000፣ አሁን 214,000።

ቢሮ ስገባ ሦስት ሰው አቀፈኝ። አዲሱ አለቃ ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ «አየሁሽ» አለኝ። ይህችን ቃል ቀኑን ሙሉ በአፌ ሳላምጣት ዋልኩ። አየሁሽ። ከተቀጠረ ጀምሮ እኮ ፊቱ ለፊት ነው የተቀመጥኩት።

ኮሜንቱ ሁለት ዓይነት ነው። «እጅዎ ይባረክ እማማ» የሚለው በመቶ ነው፤ «ዋጋ?» የሚለውም አይተናነስም። ለዋጋ ጠያቂው ሁሉ «ዋጋ በኢንቦክስ» ብዬ መለስኩ። ሁሉም እንደዚያ ስለሚል። አሁን ከመተኛቴ በፊት ሳስበው ግን ሌላ ምክንያት አለው፦ 850 ብር ብዬ በግልጽ ብጽፍ «ውድ ነው» ብሎ የሚሄደው ሰው ላይኩንም ይዞብኝ ይሄዳል ብዬ ፈርቻለሁ።

ቀኝ ገጽ፦ 263 ጊዜ።

ህዳር 6፣ ዓርብ

ወንድሜ መጣ። «214,000 ቪው ስንት ብር ነው?» አለኝ። ዜሮ። ቲክቶክ ለቪው የሚከፍልበት ፕሮግራም 10,000 ተከታይና በ30 ቀን ውስጥ 100,000 ቪው ይጠይቃል፤ ያንን ብሞላ እንኳ ከሚሠራባቸው ጥቂት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችበትም። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትቦርቂው?» አለ። ተናደድኩበት። መልስ ስላጣሁ ይመስለኛል የተናደድኩት።

እሱ ሳይኮሎጂ ተምሯል፤ በስልኩ አንድ መጠይቅ ከፍቶ ሰጠኝ። ሞሪስ ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፦ 10 ዓረፍተ ነገር፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚለካ፣ ከ30 የሚታሰብ። መጀመሪያ የተሠራው ለኒውዮርክ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። 23 አመጣሁ። «ጥሩ ነው። ቪዲዮው ሲሞት ድገሚውና እናያለን» ብሎኝ ሄደ። ወንድም ሲባል እንዲህ ነው።

ህዳር 15፣ እሑድ

የነቢያት ጾም ገባ። ሽሮና በርበሬ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። በ214,000ው ተማምኜ የዕቁቤን ብር አውጥቼ 30 ኪሎ ዛላ ገዛሁ፤ ኪሎው 540 ገብቷል። እማዬ «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» አለችኝ። ስልኬን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችና «እነዚህ ሁሉ ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። «ታዲያ ማንኛቸው ናቸው የሚወስዱት?»

ሙያ በልብ ነው የሚል ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። የማውቀው ሁሉ ለታይታ የሚደረግ ነገር የሚያሳፍር መሆኑን ነው። ይሉኝታ ደግሞ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል» እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ «ለምን ምንም አይለኝም»። ለዚህኛው በአማርኛ ስም አላገኘሁለትም።

ህዳር 27፣ ዓርብ

ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይቭ እንደምገባ ለተከታዮቼ ቃል ገብቼ ነበር፤ 6,200 ሆነዋል። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የጾም ጊዜ ስለሆነ ወረፋው አይጣል ነው። በርበሬው ተፈጭቶ እጄ የገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ጀሞ ቤቴ የደረስኩት 1 ሰዓት ተኩል። ጆንያው ሳቅፈው ደረቴን ያሞቀዋል።

በካሜራ ፊት ባዶ እጄን እንዳልቀርብ ከፊሉን ቶሎ ቶሎ አሸግሁት፤ የቀረውን አቡጀዲ ላይ ዘረጋሁት። 11 ከረጢት፣ ስቲከር ተለጥፎበት፣ ጠረጴዛ ላይ ፒራሚድ ሠርቼ ደረደርኩት። ያምራል። ቀዩ በመብራቱ ሲታይ ያስጎመጃል።

ላይቩን 61 ሰው አየው። አንድ ሰው ጽጌረዳ ላከልኝ፤ ካሉት የቲክቶክ ስጦታዎች ከርካሾቹ አንዷ ናት፣ አንድ ኮይን። ስሙን ጠርቼ አመሰገንኩ። ድምፄን ቆይቼ ስሰማው ያሳፍራል፤ ሎተሪ የደረሰኝ ነው የምመስለው።

ከላይቩ ውጭ ያዘዙትን ጨምሮ 11ዱም ኪሎ ተሸጠ። ሞተረኛው ነገ ያደርሳል።

ታህሳስ 6፣ እሑድ

ጠዋት ቴሌግራም ላይ ፎቶ መጣልኝ። የእኔ ከረጢት፣ የእኔ ስቲከር፤ በርበሬው ጥግ ላይ ተጓጉሎ ነጭ ነገር ለብሷል። ከሥሩ፦ «ልጄ፣ ሻግቷል መሰለኝ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪው ብዬ ነው እንጂ ብሩን አልፈልግም።» እኚህ እናት ገጼን አያውቁም፤ ቁጥሬን ከጎረቤት ነው ያገኙት።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። መልእክቱን እንዳነበብኩ አልመለስኩላቸውም። በቀጥታ ቲክቶክ ገብቼ ኮሜንት ላይ የጻፈ ሰው አለ ወይ ብዬ ፈለግኩ። የላይቩን ደንበኞች ስም አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስለእኔ የለጠፉት ነገር እንዳለ አየሁ። ምንም የለም። እፎይ አልኩ። ሰዓቱን ሳይ 14 ደቂቃ ሆኖኛል። ከዚያ በኋላ ነው «ውይ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ የጻፍኩላቸው።

ለ11ዱም ደንበኛ ደወልኩ። የስድስቱ ተጓጉሏል። 5,100 ብር በቴሌብር መለስኩ፤ እኚያ እናት እምቢ ብለው ነበር፣ ላክሁላቸው። የአምስቱ ሰዎች ወዲያው ከከረጢቱ ገልብጠው በዕቃ ስላስቀመጡት ተርፏል።

ማታ እማዬ ጋ ሄጄ ነገርኳት። «በሙቁ አሸግሽው?» ብቻ ነው ያለችው። ከወፍጮ የወጣ በርበሬ አቡጀዲ ላይ ተዘርግቶ አድሮ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሙቁ ላስቲክ ውስጥ ሲታፈን ያልበዋል፣ ላቡ ያሻግተዋል። «ይህን ስንት ጊዜ ነገርኩሽ» አለች። አልነገርሽኝም አልኳት።

ቤቴ ገብቼ የድሮ ቅጂዎችን ከፈትኩ። ነግራኛለች። የመጀመሪያው በርበሬ የተፈጨ ዕለት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ለዚያውም በ1,100 ብሩ ማይክ፦ «ሙቁን አፉን አትሰሪው፣ ያልበዋል።» ቪዲዮው ስለረዘመብኝ እኔ ነኝ ይህችን ቦታ ቆርጬ የጣልኳት።

የሮዘንበርግን መጠይቅ ደገምኩት። 13። በአንድ ወር ውስጥ አሥር ነጥብ ወረድኩ። ወንድሜን ደውዬ ነገርኩት፤ መለኪያው የተሠራው እንደ ሙቀት መለኪያ በየሰዓቱ እንዲታይ አይደለም አለኝ፤ የሰው ለራሱ ያለው ግምት ከሳምንት ሳምንት እንዲህ ከተወዛወዘ ሌላ ነገር ላይ ታስሯል ማለት ነው። ምን ላይ እንደታሰረ አልጠየቅኩትም።

ታህሳስ 13፣ እሑድ

19 ኪሎ ቀርቶኛል፤ እሱ አቡጀዲ ላይ ስላደረ ደህና ነው። ዛሬ ሥራ ፈትቼ ሒሳብ አስታረቅኩ። እስካሁን ከሸጥኩት ውስጥ ማን ከየት መጣ?

የ214,000ው ቪዲዮ፦ «ዋጋ» ብሎ ኢንቦክስ የጻፈ 97 ሰው። ከመለስኩላቸው በኋላ የገዛ 2 ሰው፣ 3 ኪሎ።
ላይቩ፦ 5 ሰው፣ 5 ኪሎ።
73 አባላት ያሉት የቴሌግራም ቻናሌ፦ 13 ኪሎ። ቻናሉ ላይ ቪዲዮ የለም፤ «በርበሬ ደርሷል፣ 850» የሚል አንድ መስመር ነው ያለው።
የቀረው 11 ኪሎ፦ እማዬ፣ ጎረቤት፣ ቢሮ፣ አፍ ለአፍ።

ከ32 ኪሎ 24ቱን የገዙት ላይክ አድርገውልኝ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የሚያዩኝ አይገዙኝም፣ የሚገዙኝ አያዩኝም። ይህን በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ብጽፈው «የማስታወቂያ ወጪው ከገበያው ጋር አይገናኝም» ነበር የምለው። ግን ወጪው ማስታወቂያ አልነበረም እኮ። ከሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ነገር ስሰበስብ ነበር፤ ደብተሩን አንድ በማድረጌ ነው የተምታታብኝ።

ሦስተኛውን ዙር ያለ ካሜራ እሠራለሁ። ሪንግ ላይቱ አልጋ ሥር ገብቷል።

ታህሳስ 20፣ እሑድ

ቅንጠሳ፣ 15 ኪሎ። ስልኬ እማዬ ጓዳ ውስጥ፣ ጤፍ ማስቀመጫው ላይ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሰዓት እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኪሴ ይሄዳል፤ በርበሬ የነካ ጣት ስለሆነ ቀሚሴ ሁሉ ቀላ። ስኪነር የሚባለው ተመራማሪ በእርግቦች ላይ የሠራው ሙከራ አለ፦ ቁልፍ በነካች ቁጥር ሳይሆን አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳታውቅ እህል የሚወርድላት እርግብ ሳትታክት ትነቁራለች። ወንድሜ ነው የነገረኝ፤ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን የሆነ ነገር ሰማሁ። ደረቅ ዛላ ሲናወጥ ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል፤ እርጥበት ያለው ድምፅ የለውም። እማዬ ዓይኗ ሌላ ቦታ እያለ በጆሮዋ ነው የምትለየው። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን አላስተዋልኩም፤ በሪንግ ላይት የሚታይ ነገር አይደለማ።

ቀኝ ገጽ፦ 41።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

ቃሌን አፈረስኩ። ትናንት ለከተራ እማዬ ነጭ ለብሳ ስትወጣ ቀረጽኳትና ማታ ለቀቅኩት። በርበሬ የለበትም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከተመልካቾቼ ሲሶው አሜሪካ ነው፤ ለበዓል ቪዲዮ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው፣ ናፍቆት አለባቸው። ጠዋት ስነሳ ግን ቁጥሩ ቆሟል። ታቦት እየሸኘሁ፣ እልልታው መሐል፣ በነጠላዬ ሸፍኜ አየሁ፤ ቆሟል። ሰለቹኝ አልኩ። አንድ ወር ስጠፋ ረሱኝ አልኩ። እማዬን ለታይታ ስላወጣኋት በበዓሉ ቀን እግዜር ቀጣኝ ሁሉ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት «ምነው፣ ደህና ነሽ?» እስክትለኝ ድረስ።

ማታ ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ለበዓሉ ደወለች። «ቲክቶክ እኮ ተዘግቶብን ነው የዋልነው» አለች። ቲክቶክን የሚያግደው የአሜሪካ ሕግ ዛሬ ሥራ ላይ ስለዋለ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ አገሩ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ እሷ ስትደውል ገና መመለሱ ነው። ከ170 ሚሊዮን ሰው የተዘጋውን ነገር እኔ ለብቻዬ የመጣ ፍርድ አድርጌ፣ ጥምቀትን የሚያህል ቀን አንጀቴን ሳርር ዋልኩ።

ሳቅኩ። እማዬ «ምን ያስቅሻል?» አለች። ላስረዳት ሞከርኩና ተውኩት።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ዋጋውን ገጹ ላይ ጽፌዋለሁ፦ 850፣ ጀሞና ኮልፌ ማድረሻ በነፃ። ሰባ የሚያህሉ ተከታዮች ወጡ። ሁለት ሰው «ሰው እንዴት ዋጋ ይጽፋል?» ብሎ ኮሜንት አደረገ፤ ይህ እስካሁን አልገባኝም።

አራተኛው ዙር ዛሬ ተፈጨ፣ 16 ኪሎ። ስምንቱ ቀድሞ ተይዟል። ከነዚያ ውስጥ ሦስቱ ኪሎ የእኚያ የሻገተባቸው እናት ነው፤ ሪያድ ላለች እህታቸው ማክሰኞ በሚሄድ ሰው ሊልኩላት ነው። ትናንት ሲደውሉ «ያልበው እንዳይሆን አደራ» አሉኝ። በላብ የመጣ መሆኑን አልነገርኳቸውም ነበር፤ ለካ ድሮም ያውቁታል።

ሳሎን ወለሉ ላይ አቡጀዲው ተዘርግቷል፣ በርበሬው በላዩ። መስኮቱን በትንሹ ከፍቼዋለሁ። ቅድም ሞተረኛው ደውሎ «ዛሬ ልምጣ ወይ?» አለኝ። እጄን ወደ መሐሉ ሰደድኩት። ዳር ዳሩ በርዷል፤ ውስጡ ገና ሙቅ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ና አልኩት።